ቆሮሶውን ተወው (ስለ 400 ሊትሩ አኳሪየም ለጠየቅከው ወንድም)

ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ለምትከፍተው ካፌ 400 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አሠርተህ፣ የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር እንደሚስማማና ከደሴ ወጣ ብሎ ካለው ከሐይቅ ጥቂት የቆሮሶ (የቲላፒያ) ጫጩት ብትጨምርበት ምን እንደሚሆን ጠይቀሃል። «ገንዳው ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ይበቃዋል» ብለው የመለሱልህ ሰዎች አንድም ዓሣ አሳድገው እንደማያውቁ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። እኔ ደሴ ባለችኝ ቁርስ ቤት ውስጥ 150 በ50 በ55 ሳንቲሜትር የሆነ አለኝ፤ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ዛሬ ሰው ልጁን ይዞ የሚመጣው ለፉሉ ሳይሆን ለዓሣው ነው። እዚህ እስክደርስ ያየሁትን ግን አላህ ያውቃል።

ስለ ማጣሪያ ዓይነትና ስለ ቧንቧ ውሃ ክሎሪን አልነግርህም፤ 400 ሊትር ያሠራ ሰው ይህን አያጣውም።

1. መጀመሪያ ሙቀቱን ቁረጥ፣ ከዚያ ዓሣ ምረጥ። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ውሃ ይመቸዋል። ኤንጅልፊሽና ጉፒ 24 አካባቢና ከዚያ በላይ ይመቻቸዋል። ሁለቱን በአንድ ፌስታል አስሮ «ይስማማሉ» የሚልህ ነጋዴ ገንዘብህ እንጂ ዓሣው አያሳስበውም። ማሞቂያ ካልገዛህ ጎልድፊሽ ብቻ ያዝ፣ ሌላው ይቅርብህ። ኮምቦልቻ ይሞቃል ትለኝ ይሆናል፤ የኅዳር ሌሊት የትም ያው ነው። እኔ ባለ 200 ዋት ሁለት ማሞቂያ ነው ያለኝ። አንድ ትልቅ ያልገዛሁት አንዱ ቢበላሽ ሌላው እስከ ጠዋት እንዲያቆይልኝ ነው።

2. ከፍታችንን አትርሳ። የዓሣ መጻሕፍት የተጻፉት ባሕር ጠርዝ ላይ ላለ ሰው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን እዚህ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ «ለ400 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን ቁጥር ቀንሰህ ውሰድ፣ አየር መንፊያውም ቀንና ሌሊት ይሥራ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ዓሦቼ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ እያየሁ «ተራቡ» ብዬ ምግብ እጨምር ነበር! ምግቡ ሲበሰብስ ያለውን ኦክስጅን ጭራሽ ይጨርሰዋል።

3. ቆሮሶ። እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ።

እኔም እንዳንተው «የአገሬ ዓሣ ከፈረንጁ ጋር ቢዋኝ ያምራል» አልኩ። ጫጩቱን በሥርዓት ላግኝ ብዬ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ኩሬህ ስንት ካሬ ነው?» አለኝ። ኩሬ ሳይሆን መስታወት ነው ስለው ሳቀ፤ ከጎኑ ያለችውንም ጠርቶ አሳቃት። «ወንድም፣ ይሄ የሚበላ ዓሣ ነው፤ የሚታይ ከፈለግህ ቴሌቪዥን ግዛ» ብሎ ሸኘኝ። ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ምሳ። ከዚያ ሁሉ ሹፈት ይልቅ «ይህ ዓሣ ክልል ይይዛል፣ ሌላውን አያስጠጋም» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣው እኔ ይህን ሁሉ ባልከሰርኩ።

በኋላ ሐይቅ ወርጄ ከአንድ ልጅ ጣት የሚያክሉ ሦስት ጫጩቶች ገዛሁ። ያን ጊዜ ገንዳው ውስጥ ስድስት ኤንጅልፊሽ፣ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ሃያ ትናንሽ ዓሦችና የምወደው ቅጠላ ቅጠል ነበረኝ። ኤንጅልፊሾቹ ብቻ ከአንድ በግ በላይ አውጥተውብኛል፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ ነው ያመጣኋቸው። ጣርማ በር ላይ በፎጣ ሸፈንኳቸው፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ገለጥኩላቸው፤ ረዳቱ «ሕፃኑ ደህና ነው?» እያለ ሲቀልድብኝ መጣ።

በአራት ወር አንደኛው ቆሮሶ መዳፌን አከለ። ለካ ወንድ ነው፤ ጎጆ ሊሠራ ጠጠሩን በአፉ እየዛቀ አንድ ጥግ ከመረው፣ ቅጠሉን ከነሥሩ ነቀለው። ከዚያ ጠዋት በሩን ስከፍት አንድ ኤንጅልፊሽ ክንፉ ተበጣጥሶ ጥግ ላይ ተንጋዶ አገኘሁ። በሳምንቱ ሁለተኛው። እናቴ ጀበናዋን እንደያዘች ቆማ አየችና «ልጄ፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ ሲሞት ዘንድሮ አየሁ» አለች። እኔ ግን በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት እገዛለሁ! ጥፋተኛው ፊት ለፊቴ እየዋኘ።

ስድስቱም አለቁ። ኒዮኖቹንማ ኤንጅልፊሾቹ ራሳቸው ቀድመው ጨርሰዋቸው ኖሯል፤ መልአክነቱ ስሙ ላይ ነው፣ ሲያድግ አፉ የሚይዘውን ሁሉ ይውጣል። ይባስ ብሎ «የአገሬ ልጅ» ያልኩት ቆሮሶ ሐይቅም ላይ መጤ መሆኑን፣ ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቁት መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ሦስቱንም እናቴ ጠበሰቻቸው። ሰውየው ስለሚበላነቱ አልዋሸኝም።

አሁን ያለኝን ልንገርህ፣ እንዳለ ቅዳው። ሶርድቴል አሥራ ሁለት፤ ለአንድ ወንድ ሦስት ሴት፣ አለበለዚያ ወንዶቹ ሴቶቹን ዕረፍት ይነሷቸዋል። ኮሪዶራስ ስምንት፤ ወለል ለቃሚ ናቸው፣ ከስድስት በታች ከሆኑ ይደበቃሉ። ዚብራ ዳኒዮ አሥራ አምስት። መስታወት የሚልስ ከፈለግህ ብሪስልኖዙን በለው፤ አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር አካባቢ ይቆማል። ዘመዱ ተራው ፕሌኮ ግን ጣት አክሎ ይሸጥልህና ከሠላሳ ሳንቲሜትር ያልፋል። ታይገር ባርብን ረጅም ክንፍ ካለው ጋር እንዳታደርገው፣ ክንፍ ነካሽ ነው። ውሃው 24 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሁሉም ይስማሙበታል።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልለው፤ ውሃው ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ለአየሩ ግን ባለ ባትሪ መንፊያ ይኑርህ።

ሶርድቴሎቼ ደግሞ ልጅ አብዝተውብኛል። ገንዳህን ውሃ ሞልተህ ማጣሪያውን አስነሳና ባክቴሪያው የሚበላው እንዳያጣ ትንሽ የዓሣ ምግብ እየጣልክበት አምስት ስድስት ሳምንት አቆየው። ማጣሪያው ቆሻሻ የሚበሉትን ባክቴሪያዎች እንዲይዝ ገና ስትጀምር ከእኔ ማጣሪያ ቁራጭ ስፖንጅ እሰጥሃለሁ። ከዚያ ክዳን ያለው ባልዲ ይዘህ ብቅ በል፣ አሥር ያህል በነፃ ትወስዳለህ። ሐሙስ ብቻ አትምጣ፣ ውሃ የምቀይርበት ቀን ነው።