ስለ ሆቴል ክፍል ጽዳት ለጠየቅሽው፦ ከጋሪው በኩል ሆኜ ልመልስልሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለዘመድ ሰርግ አሜሪካ መጥተሽ ቬጋስ ስታርፊ ክፍልሽ በየቀኑ ይጸዳ ነበር። ዳላስ ስትደርሺ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ዝር አላለም። ቬጋስ ላይ ደግሞ «አትረብሹኝ» የሚለውን ካርድ ሰቅለሽ ሳለ ሰው መጥቶ አንኳኳብሽ። አንሶላው እውነት ይቀየራል ወይ፣ ወርቄን ክፍል ጥዬ ብወጣስ፣ ቲፕ ስንት ነው፣ ስለቅ ክፍሉን አስተካክዬ መውጣት አለብኝ ወይ ብለሻል። እኔ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ነው ሥራ የጀመርኩት። አሁን ላስ ቬጋስ ያንኑ ክፍል የማጽዳት ሥራ እሠራለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዢልኝ። ክፍልሽ ውስጥ የሚደረገውንም የማይደረገውንም በአብዛኛው የሚወስነው ደቂቃ ነው። ጠዋት ስንገባ የክፍል ዝርዝር ይሰጠናል። ትልልቅ የአሜሪካ ሆቴሎች ለአንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የሥራ ፈረቃ ከ13 እስከ 16 ክፍል መስጠታቸው የተለመደ ነው። እንግዳው የለቀቀው ክፍል፣ «ቼክአውት» የምንለው፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እንግዳው ገና ያለበት፣ «ስቴይኦቨር» የሚባለው፣ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ማለቅ አለበት። ምንጣፉ ላይ ፖፕኮርን ተበትኖ ወይም ፎጣው ሁሉ የፀጉር ቀለም ጠጥቶ ከጠበቀን፣ እዚያ የምናጠፋው ደቂቃ ከሌላ እንግዳ ክፍል ላይ ይቀነሳል። ሰነፍ ሠራተኛ የለም አልልሽም፣ አለ። ግን «ይህን ለምን አልወለወሉትም?» የሚባለው አብዛኛው ነገር ሰዓት ያለቀበት ነው።

አሁን ወደ ዳላስ እንሂድ። ድሮ የትም ብታርፊ ክፍል በየቀኑ ይጸዳ ነበር። ኮሮና መጣና «ሰው ክፍላችሁ እንዳይገባ» ተብሎ ቀረ። ወረርሽኙ ሲረግብ ብዙ ሆቴሎች ያንኑ ይዘው ቀጠሉ። ሒልተን ለምሳሌ በፈረንጆቹ 2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ) ክረምት ላይ ከቅንጡዎቹ ሆቴሎቹ በስተቀር አሜሪካ ውስጥ የየዕለት ጽዳት እንግዳው ሲጠይቅ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሌሎቹም ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ስለዚህ ዳላስ ላይ የረሳሽ ሰው የለም፤ «ጠይቂ» የተባልሽው በትንንሽ ፊደል ነው።

ቬጋስ ለምን ተለየ? ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት በ2020 ሆቴሎች ክፍል በየቀኑ እንዲያጸዱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሕጉ በ2023 ተሻረ። እዚህ ግን ካሊነሪ የሚባል ጠንካራ የሠራተኞች ማኅበር አለ፤ የእኛም ሰው ውስጡ ብዙ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሥራ ማቆም አድማ ሊመታ ጥቂት ሲቀረው ከትልልቆቹ የካዚኖ ኩባንያዎች ጋር ውል ተፈራረመ። የየዕለት ጽዳትም በውሉ ገባ። ሕግ የተወውን ውል ያዘው ማለት ነው።

«ካልጸዳማ ለእናንተ እረፍት አይደል?» ይሉኛል። አይደለም። ሦስት ቀን ሰው ያደረበት ክፍል ቆሻሻው ይከመራል፣ የመታጠቢያው ሳሙና ይደርቃል፣ ሽንት ቤቱን አልነግርሽም። ለዚያ ተጨማሪ ደቂቃ የሚሰጥ የለም። በዚያ ላይ የሚጸዳ ክፍል ሲያንስ ወደ ሥራ የሚጠራ ሰው ያንሳል። «አካባቢን ለመጠበቅ ጽዳቱን ይተዉልን፣ ነጥብ እንሰጥዎታለን» የሚለውን ካርድ አይተሽው ይሆናል። ውኃና ሳሙና መቆጠቡ እውነት ነው። ደሞዝ መቆጠቡም እውነት ነው፤ እሱ ካርዱ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ ሆቴል ስትገቢ እንግዳ መቀበያው ላይ «ጽዳቱ በየቀኑ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ካልሆነ ጠዋት ደውለሽ አስመዝግቢ። ከሰዓት በኋላ ከጠየቅሽ የቀኑ ዝርዝር ተከፋፍሎ አልቋል። ፎጣና ሶፍት ብቻ ከሆነ የፈለግሽው ኮሪደር ላይ ያገኘሻትን ጠይቂ፣ ከጋሪዋ አንስታ ትሰጥሻለች።

ካርዱ ተሰቅሎ ሳለ የመንኳኳቱን ነገር ብዙ ሰው ይቆጣበታል። መነሻውን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 1 ቀን 2017 እዚሁ ቬጋስ ማንዳላይ ቤይ ሆቴል 32ኛ ፎቅ ላይ ያረፈ ሰው በመስኮት ወደ ሙዚቃ ኮንሰርት ተኩሶ 60 ሰው ሞተ። መሣሪያዎቹን ለቀናት በሻንጣ በሻንጣ ነበር ወደ ክፍሉ ያስገባው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆቴሎች ካርድ ተሰቅሎም ቢሆን በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ክፍሉን ሰው እንዲያይ ደንብ አወጡ። አንዳንዱ 24 ሰዓት ይላል፣ አንዳንዱ ከዚያ ይበልጣል። ነገሩ ለመሣሪያ ብቻ አይደለም። ስኳሩ ወርዶ የወደቀ፣ መታጠቢያ ቤት ተንሸራቶ መነሳት ያቃተው እንግዳ አለ። ሲያንኳኩብሽ ድምፅሽን አሰሚ፣ «ደህና ነኝ፣ አልፈልግም» በዪ፤ ይበቃል። ዝም ካልሽ ግን በራሳቸው የቁልፍ ካርድ ከፍተው መግባታቸው አይቀርም። ልብስ እየቀየርሽ ከሆነ የውስጡን መቆለፊያ አድርጊ።

በነገራችን ላይ በሩ ወዲያ የቆመችውም ትፈራለች። ሰው ክፍል ብቻዋን የምትገባ ሴት ናት። ፎጣ አገልድሞ በር የሚከፍት ወንድ፣ ከዚያም የባሰ፣ በዚህ ሥራ ያልገጠማት ብትፈልጊ አታገኚም። አዲስ አበባም ያው ነው፤ እዚያ በጊዜው መፍትሔያችን ጓደኛ ጠርቶ አብሮ መግባት ነበር። እዚህ በ2018 የማኅበሩ ውል ላይ አንገታችን ወይም ወገባችን ላይ የምንይዘው የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ገባ። ስንጫነው ጥበቃ ያለንበትን አውቆ ይመጣል። ቺካጎ ከዚያ በፊት በ2017 በከተማ ሕግ አስገድዳው ነበር። ስለዚህ ጋሪ በር ላይ ተገትሮ፣ በሩ ተከፍቶ ስታጸዳ ካየሽ «ክፍሌን ለኮሪደር አሳየችብኝ» አትበዪ። ባለቤትሽ ክፍል ውስጥ ከሆነ ለ20 ደቂቃ ወደ ሎቢ ወረድ ቢል እሷም በሰላም ትሠራለች፣ ቶሎም ትጨርሳለች።

አንሶላ። ሰው በለቀቀ ቁጥር ይቀየራል፤ ይህን ያልጠበቀ ሆቴል ውስጥ ማደር የለብሽም። አንቺ እያለሽ ግን በየቀኑ አይቀየርም፣ ይስተካከላል እንጂ። በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ወይም ስትጠይቂ ነው። አዲስ የተነጠፈ አንሶላ የመተኮሻ ማሽኑ ያጠፈበት መስመር ይታይበታል፤ ከተጠራጠርሽ እሱን ፈልጊ። ነጭ የሚሆነውም በረኪናና ሙቅ ውኃ ስለሚችል፣ እድፍም ስለማይደብቅ ነው። ያ ነጭ በነጭ አልጋ ዌስቲን የሚባለው የሆቴል ድርጅት በ1999 ካስተዋወቀው በኋላ ነው በየሆቴሉ የተዛመተው።

የሚያሳስብ ነገር ከፈለግሽ ሌላ ላሳይሽ። አልጋው ግርጌ ላይ የሚነጠፈው ባለቀለም ጨርቅና ጌጠኛ ትራሶቹ ለእያንዳንዱ እንግዳ አይታጠቡም። ስትገቢ አንስተሽ ወንበር ላይ አድርጊያቸው፤ እኔም ሆቴል ሳርፍ እንዲያ ነው የማደርገው። የቴሌቪዥኑን ሪሞት በእርጥብ ሶፍት ጥረጊው። ብርጭቆ በሥርዓቱ ወደ ዕቃ ማጠቢያ ወርዶ ንጹሑ መምጣት አለበት፤ ግን ደቂቃ ያልኩሽን አስታውሺና በሙቅ ውኃ አለቅልቀሽ ጠጪበት። በወረቀት የተጠቀለለ ኩባያ ካለ እሱ ይሻላል። የቡና ማሽኑንም አንዴ ባዶ ውኃ አሳልፊበት። የሽንት ቤት ሶፍት ጫፉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታጥፎ የምታዪው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሱፐርቫይዘሯ ስትገባ መታጠቢያ ቤቱ እንደተሠራ ታውቅበታለች።

ትኋን ባለአምስት ኮከብም ይገባል፤ በሻንጣ ነው የሚመጣው። ክፍል እንደገባሽ ሻንጣሽን ምንጣፍና አልጋ ላይ ሳይሆን መታጠቢያ ቤት አስቀምጪ። የፍራሹን ማዕዘን ገልጠሽ ስፌቱን፣ ከዚያ የራስጌውን ሰሌዳ ጥግ እዪ። እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ደውዪ። በምትኩ የሚሰጡሽ ክፍል ጎን ለጎን ከሆነ አትቀበዪ፣ ሌላ ፎቅ ጠይቂ።

ስለ ወርቅሽ ቅር አይበልሽና ግልጹን ልናገር። ዕቃ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው እኛ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ቁልፉ የትኛው ካርድ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደከፈተው ይመዘግባል። የእኔ ካርድ በእኔ ስም ነው። ገንዘብ አልጋ ላይ ከተበተነ አልጋውን ሳልነካ የምወጣው ለዚህ ነው፤ ተመልሰሽ «አልጋዬን አላነጠፈችም» ትያለሽ። የሚሰርቅ የለም አልልም። ግን እኔ ያየሁት የእንግዳ ዕቃ አብዛኛው የጠፋው ሳይሰረቅ ነው። ጉትቻ በናፕኪን ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ የጥርስ ማስያዣን በሶፍት መጠቅለል፤ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ይመስላል። ማተብና መስቀል የመብራቱ አንገት ላይ ይሰቀልና ይረሳል። ትራስ ሥር የገባ ስልክ ከአንሶላው ጋር ተጠቅልሎ ላውንደሪ ይወርዳል። ላውንደሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ውስጥ አይደለም፣ በመኪና ነው የሚሄደው። እናትሽ የላኩልሽ በርበሬና ቆሎም አፉ በተከፈተ ፌስታል ወለል ላይ ከተቀመጠ ሌላ አገር ሰው ምን እንደሆነ አያውቀውም። ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ወርቁን ካዝናው ውስጥ አስገቢ። ኮዱ ቢጠፋብሽ ጥበቃና ኃላፊ መክፈት ይችላሉ፣ እሱም ይመዘገባል። የረሳሽው ነገር ካለ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪ፤ የክፍል ቁጥርሽን፣ የወጣሽበትን ቀንና ዕቃውን የተውሽበትን ቦታ ተናገሪ። «ክፍሉ ውስጥ ነው» ብቻ ከማለት «ከበሩ ጀርባ ማንጠልጠያው ላይ» ይሻላል።

ቲፕ ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ የሆቴሎች ማኅበር በአዳር ከ1 እስከ 5 ዶላር ይመክራል። ዋናው ግን በየቀኑ መተው ነው። የመጨረሻ ቀን 20 ዶላር ብትተዪ ሳምንቱን ሙሉ ያጸዳችልሽ የዕረፍት ቀኗ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ «ለጽዳት፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ ጻፊበት። እንዲያው የተቀመጠ ገንዘብ ያንቺ ነው ብለን ስለምናስብ አንነካውም። አዲስ አበባ ስታርፊ ሂሳቡ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይገባል፤ በእጅ የምትሰጪው ግን እዚያም ቢሆን በቀጥታ ለልጅቷ ይደርሳታል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ ሰርግ ስላልሽ። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ይቅርባችሁ። ሽታውን በአሳንሰሩ በር ነው የምለየው፤ ደስም ይለኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ጢስ ጠቋሚው ይጮኻል። ባይጮህም ሱፐርቫይዘሯ ሽታውን ሲጋራ ወይም ሌላ ነገር ብላ ትመዘግበዋለች። ጢስ ለገባው ክፍል ከ200 ዶላር በላይ ማስከፈል የተለመደ ነው፤ የባንክ ካርድሽ ሂሳብ ላይ ታገኚዋለሽ። መጋረጃው ላይ የገባ የዕጣን ሽታ በአንድ ቀን አይወጣም፣ ክፍሉም ሳይሸጥ ሊያድር ይችላል። የተቆላና የተፈጨ ይዛችሁ ኑና በማሽኑ አፍሉ።

ስትለቂ ክፍሉን ስለማስተካከሉ፦ የእኛ እንግዶች በይሉኝታ አልጋ አንጥፈው ይወጣሉ። አታንጥፊ። ሁሉም አንሶላ ስለሚነሳ የተነጠፈውን መልሰን ነው የምንገፈው። ሁለት አልጋ ካለ ደግሞ የተኛሽበትን ካልተኛሽበት መለየት አንችልም። ከልብሽ ልታግዢ ከፈለግሽ ያገለገለውን ፎጣ ሁሉ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አንድ ቦታ ሰብስቢ፣ ቆሻሻውን ቅርጫት ውስጥ ክተቺ፣ የምግብ ትርፍራፊ ፍሪጅ ውስጥ አትተዪ። ከዚያ ትራሶቹን አንስተሽ ሥራቸውን እዪ፣ ካዝናውን ክፈቺ፣ የስልክ ቻርጀርሽንም ከአልጋው ጀርባ ካለው ሶኬት ነቅለሽ ውጪ።