ስለ ፊንላንድ መጻሕፍት ጠይቁኝ፣ ፒዲኤፍ ግን የለኝም

እኔ ያለሁባት የፊንላንድ ከተማ ታምፔሬ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ከማንበብ ሌላ ብዙ ሥራ የለም። ዛሬ ማታ የመሰላችሁን ጠይቁ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፦ ፊንላንዳዊ ደራሲ ሁሉ በፊንላንድኛ አልጻፈም። አገሩ እስከ 1809 በስዊድን፣ ከዚያ እስከ 1917 በሩሲያ ሥር ነበር፤ የተማረው ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚጽፈው በስዊድንኛ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ፒዲኤፍ አልልክም።

ማሂ፦ ጋሼ፣ ከየት ልጀምር? ሁሉም ካሌቫላ ይላል።

ካሌቫላን፣ የፊንላንድን ብሔራዊ የግጥም ተረክ፣ ለጊዜው ተዪው። ኤልያስ ሎንሩት የሚባል የካያኒ ሐኪም በየገጠሩ እየዞረ ከግጥም አዋቂ ገበሬዎች አፍ የለቀመው ነው። አርሂፓ ፔርቱነን ከተባሉ ሽማግሌ ጋ ብቻ ሦስት ቀን ተቀምጦ ጽፏል። የ1849ኙ እትም 50 መዝሙር፣ 22,795 ስንኝ አለው። ከገጽ አንድ የጀመረ ብዙ ሰው መሃል ላይ ይቀራል። ከፈለግሽ ከጀግኖቹ አንዱ የሆነውን የሌሚንካይነንን እናት ታሪክ ብቻ አንብቢ። ልጇን ገድለው፣ ቆራርጠው የሙታን ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል። እሷ አንጥረኛውን መንሽ አሠርታ ትወርድና ሥጋውን ቁራጭ በቁራጭ ከውሃው ትለቅማለች። ሌላው ይደርሳል።

መጀመሪያ የሚነበበው የአሌክሲስ ኪቪ «ሰባቱ ወንድማማቾች» ነው፣ 1870። ሰባት ወላጅ አልባ ጎረምሶች፣ ግትር፣ ተደባዳቢ። ያኔ ማንበብ ያልቻለ ሰው ቤተ ክርስቲያን አታጋባውም ነበር፣ ስለዚህ ፊደል ለመቁጠር ደብተራው ጋ ይሄዳሉ። ደብተራ ያልኩት ሌላ ቃል አጥቼ ነው። የኔታ ጋ ሀሁ የቆጠረ ሰው ሥዕሉ ወዲያው ይመጣለታል፤ ትልልቅ ወንዶች በፊደል ሲቆነጠጡ። አንድ ቀን መስኮት ዘለው ይጠፋሉ፣ ጫካ ይገባሉ። ጫካ ውስጥ ደግሞ 40 ያህል በሬ ያባርራቸውና አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ይወጣሉ። ቀናት ያልፋሉ፣ ይርባቸዋል፣ ከታች በሬው ይጮኻል። ላውሪ የሚባለው ዝምተኛው ልጅ ጠጥቶ ይሰክርና ስብከት ይጀምራል። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ጮክ ብዬ ነው የምስቀው።

ኪቪ የሰፈር ልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። አልክቪስት የተባለ ፕሮፌሰር መጽሐፉን አብጠልጥሎ ጻፈበት፣ ሕዝባችንን አዋረደ ብሎ። ኪቪ ታመመ፣ አእምሮውም ታወከ፣ በ1872 የመጨረሻ ቀን በ38 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ሐውልቱ ሄልሲንኪ ብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት ነው፣ ልደቱ ኦክቶበር 10 ባንዲራ ይሰቀልለታል።

አቡሽ፦ ኖቤል አላቸው?

ደራሲው ሲላንፓ፣ 1939። በሥነ ጽሑፍ እስካሁን አንድ ብቻ።

ቤቲ፦ የሙሚን የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ቶቬ ያንሶን ስዊድናዊት ናት አይደል?

ከላይ ምን አልኩ? ፊንላንዳዊት ናት፣ የጻፈችው በስዊድንኛ ነው። ገጣሚዋ ኤዲት ሶደርግራንም እንዲሁ።

አቡሽ፦ በስዊድንኛ ከተጻፈማ የስዊድን ሥነ ጽሑፍ ነው።

ማሂ፦ እና በእንግሊዝኛ የጻፈ ሐበሻ እንግሊዝ ሊሆን ነው?

አቡሽ፦ እሱ ሌላ ነው።

ማሂ፦ ምኑ ነው ሌላ?

ቤቲ፦ ባይ ዘ ዌይ ፊንላንዶች ቡና ሲጠጡ አይቻለሁ፣ እንደ ውሃ። የኛ ቡና ነው?

ቡናው ይቅር። እውነት ነው፣ ይጠጣሉ፣ ጀበና ግን አያውቁም። ወደ መጽሐፉ።

ዳዊት፦ «ሲኑሄ ግብጻዊው»ን አንብቤ ወድጄዋለሁ። ደራሲው ግብጽ ኖሯል?

ሚካ ዋልታሪ ግብጽን ሳያይ ነው የጻፈው፣ 1945። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ፊንላንድን ግን እዚያ ውስጥ አትፈልጋት። ፊንላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሶቪየት ጋር የተዋጋችውን ከፈለግክ የቫይኖ ሊናን «ያልታወቀው ወታደር» ያዝ፣ 1954። ሊና እዚሁ ታምፔሬ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ከሥራ መልስ ነው የሚጽፈው። ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው በየሰፈራቸው አነጋገር ይሳደባሉ፤ ትርጉም ላይ ያ ይጠፋል።

ሳሚ፦ ወደ አማርኛ መተርጎም ከባድ ነው?

አሁን ጥያቄ መጣ። ፊንላንድኛ እሱና እሷ የለውም፣ ሁለቱም «ሃን» ነው። «ሃን ቱሊ» ካለ መጣ ነው መጣች? አማርኛ ግሱ ላይ ሳይቀር ምረጥ ይልሃል። ደራሲው ሆን ብሎ የሸሸገውን አንተ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ታጋልጠዋለህ። ደግሞ ቱሊ ላልቶ ሲነበብ እሳትም ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ጉምሩክ። እነሱ ሲጠብቅ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ይጽፉታል፣ እኛ ግን ገናን ለበዓሉም ላልደረሰውም አንድ ዓይነት ጽፈን አንባቢው ይወቀው እንላለን። ስሞቹን በፊደላችን ስጽፍ ሁሌ ያበሳጨኛል።

ቢኒ፦ አሁን ገባሁ፣ ለጀማሪ ምን ይመከራል? ካሌቫላ?

ወንድሜ፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ኪቪ። ኪቪ። ኪቪ።

ዳዊት፦ ሴት ደራሲስ የጥንት?

ሚና ካንት። «የሠራተኛው ሚስት»፣ ተውኔት፣ 1885። ባል የሚስቱን ገንዘብ በሕግ ወስዶ የሚጠጣበት ዘመን ነው። ማርች 19 ባንዲራ ይሰቀልላታል። ስለ እሷ ብዙ መጻፍ ነበረብኝ፣ ግን ነገ ማለዳ ሥራ አለኝ።

ቢኒ፦ ጋሼ የኪቪን ፒዲኤፍ በውስጥ መስመር?

ደህና እደሩ።