ሲያርፍ የሚተኩስ፣ ሲቸኩል የሚለግም ማርከር

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «በታመቀ አየር የሚሠራ የፔይንትቦል ማርከር (የቀለም ኳስ የሚተኩስ የጨዋታ መሣሪያ) አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ኳሶች ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። አከታትዬ ስተኩስ ግን እዚሁ ፊቴ መውደቅ ይጀምራሉ። ትንሽ ካረፍኩ መልሶ ይስተካከላል። የሲሊንደሩ ጌጅ 3000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያሳያል። ኦሪንጎቹን (አየር እንዳያልፍ የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች) በሙሉ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። የማርከሩን ቫልቭ ልፍታው?»

አይፍቱት። ቢያንስ ለአሁኑ።

ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቋ ፍንጭ «ትንሽ ካረፍኩ ይስተካከላል» የምትለዋ ናት። አየሩ አላለቀም። ወደ ማርከሩ የሚገባው ግን በቀጭኑ ነው። የውሃ ቱቦ ላይ ሰው ቆሞበት ያስቡት። ጫፉን ይዘው ቢቆዩ ውሃው ቀስ እያለ ይሞላል። ሲለቁት ለቅጽበት ፊጭ ይልና ወዲያው ይሰልላል። የእርስዎም ማርከር ጉሮሮው ታንቋል።

ጌጁ እንዳያታልልዎት። ሲሊንደሩ አንገት ላይ ያለው ጌጅ የሚያነበው የሲሊንደሩን ሆድ ነው። የሲሊንደሩ ሬጉሌተር፣ ማለትም ግፊት ቀናሹ፣ ያንን ግፊት፣ በተለመዱት ሲሊንደሮች፣ ወደ 800 ፒኤስአይ አካባቢ አውርዶ ነው ወደ ማርከሩ የሚያሳልፈው። ስለዚህ 3000 ማለት «አየር አለ» ማለት ብቻ ነው። «አየሩ ይደርሳል» ማለት አይደለም።

ማርከርዎ የራሱ ሬጉሌተርና ጌጅ ካለው መልሱ እዚያ ላይ ነው። መነጽርዎን ያድርጉ፣ ኳሶቹን ያውጡ፣ አፈሙዙን በመሸፈኛው ይሸፍኑ። ከዚያ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እየተኮሱ መርፌዋን ብቻ ይዩ። ዝቅ ብላ ወዲያው ወደ ቦታዋ ከዘለለች አቅርቦቱ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ከውስጥ ነው። ወርዳ ወርዳ፣ ሽማግሌ ደረጃ እንደሚወጣ እያረፈች ከተመለሰች መታነቁ ተረጋገጠ። ሌላም ዓይነት አለ፦ ቦታዋ ደርሳ አልቆም ብላ ሽቅብ መሳቧን ከቀጠለች የሬጉሌተሩ መቀመጫ፣ አየሩን የሚዘጋው ክፍል፣ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ካረፉ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ኳስ ከልክ በላይ ይፈጥናል። ብዙ ሜዳዎች ከ280 እስከ 300 ጫማ በሰከንድ ላይ ገደብ የሚያደርጉት ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ማርከር ይዘው አይግቡ።

የታነቀው የት ነው? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፒኗን፣ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለችውን ስትጫን አየር የምትለቅ ዘንግ፣ ነው። ሲሊንደሩን ሲያስገቡ የሆነ ቦታ ላይ «ጫ!» ብሎ አየር ሲገባ ይሰማል። ብዙ ሰው በቃ ገባ ብሎ እዚያው ያቆማል። ያ ድምፅ ግን ፒኗ ገና መነካቷን ነው የሚነግርዎት። እስከ መጨረሻው ካልተጫነች መንገዱ ግማሽ ነው የሚከፈተው። ማርከሩ አየሩን የሚከፍት ጉብ (በእጅ የሚዞር እጀታ) ያለው ከሆነ ጉቡን ጥግ እስኪይዝ ያዙሩት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ማርከር ሙሉ በሙሉ በትኜ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቼ፣ ጥፋቱ ግማሽ ዙር የቀረው ጉብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለባለቤቱ አልነገርኩትም።

ጥግ ድረስ ገብቶም ካልተሻለው ከጓደኛ ሲሊንደር ይዋሱ። ተመሳሳይ የመውጫ ግፊት ያለው ይሁን። በተዋሱት ከሠራ ችግሩ የእርስዎ ሲሊንደር ፒን ወይም ሬጉሌተር ነው፤ እሱን ባለሙያ ይፍታው። ካልሠራ ወደ ቱቦው ይሂዱ። የታጠፈ ወይም የተጨመደደ ቦታ አለ? የፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ ጫፉ ሲቆረጥ ጠምሞ ወይም ፍቅፋቂ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የማርከሩ ሬጉሌተር መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ፊልትሮ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኦሪንጎቹን ሲቀይሩ ግራሶ አብዝተው ከሆነ ቀጥታ እሷን ነው የምጠረጥረው። ግራሶ እንደ ቅቤ አይለቀለቅም፤ ኦሪንጉ እንዲያብረቀርቅ ብቻ ነው። የአየር ሲሊንደር መሙያ አካባቢ ደግሞ የሞተር ዘይትም ሆነ ሌላ የነዳጅ ዘይት በፍጹም አይድረስ፤ በከፍተኛ ግፊት ሲሞላ ሊቀጣጠል ይችላል።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትጫወቱ፣ የእናንተ ተመሳሳይ ምልክት ብዙ ጊዜ ብርድ ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ከሲሊንደሩ ይስባል፤ ሲሊንደሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱም ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 830 ፒኤስአይ የነበረው በዜሮ ዲግሪ ወደ 500 ይወርዳል። ሲሊንደሩ ላይ ውርጭ ካያችሁ ቁልፍ አታንሱ፣ አሳርፉት። የቀረውን መጠን ለማወቅ ደግሞ መዝኑት እንጂ ጌጅ አትዩ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ሲሊንደሩን ሲፈቱ መጀመሪያ ፒኗ እስክትዘጋ ድረስ ብቻ ያላሉት፣ ቱቦ ውስጥ የቀረውን ተኩሰው ያራግፉ፣ ከዚያ ያውጡት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በጥፍር ቀለም ከሲሊንደሩ ቫልቭ ወደ ሲሊንደሩ አንገት የሚሻገር አንድ መስመር ያስምሩ። ሲፈቱ መስመሩ ከተቆረጠ እየዞረ ያለው ሲሊንደሩ ከቫልቩ ነው እንጂ ቫልቩ ከማርከሩ አይደለም። ወዲያው ያቁሙ፣ መልሰውም ለማጥበቅ አይሞክሩ፣ አፉንም ታችኛውንም ጫፍ ወደ ሰው ሳያዞሩ ለባለሙያ ያድርሱት። ቫልቩ የተነቀለ ሲሊንደር እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። ሰው ገድሏል።

መርፌዋ ምን እንዳደረገች ይጻፉልኝ። ወዲያው የምትመለስ ከሆነች ያኔ የማርከሩን ቫልቭ (የሲሊንደሩን አይደለም) እንፈታለን።