ማጉያ መነጽር ዓይኔን ያሰንፍብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 47 ነው። ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸውን ትንንሽ የሰው ምስሎች ቀለም በመቀባት ነው። ድሮ የዓይናቸውን ብሌን ሳይቀር በባዶ ዓይኔ እነጥብ ነበር። አሁን ምስሉን ሳቀርበው ይደበዝዝብኛል፣ ሳርቀው ደግሞ ያንስብኛል። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ ማጉያ ልገዛ ስል ጓደኛዬ «ዓይንህ አንዴ ከለመደው ያለሱ አታይም፣ ያሰንፈዋል» ብሎ አስፈራራኝ። እውነት ነው? የምገዛ ከሆነስ ስንት እጥፍ የሚያጎላውን ልግዛ? ሁለት ሰዓት ከሠራሁ በኋላ ግንባሬንና ማጅራቴን ያመኛል።

መልስ፦ ከጓደኛዎ አባባል ልጀምር፣ ምክንያቱም ይህንን ነገር በጣም ብዙ ሰው ያምንበታል። ማጉያ ዓይንን አያሰንፍም። አይጎዳምም። የፈለጉትን ያህል ሰዓት ቢጠቀሙበት የዓይንዎን አቅም አይቀንስም።

አባባሉ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከብሌናችን በስተጀርባ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ነው፣ ቅርብ ስናይ ትንሽ ጡንቻ ትሠራና ሌንሱ ሆዱን ይነፋል። በ10 ዓመታችን 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የቀረበን ነገር እንኳ ጥርት አድርገን እናያለን። ሌንሱ በየዓመቱ እየደረቀ ይሄዳል። በ45 ዓመት አካባቢ ያ ርቀት ወደ 25 እና 30 ሴንቲ ሜትር ይሸሻል፣ ያውም ዓይን ባለ በሌለ ኃይሉ እየገፋ ነው። ባለ በሌለ ኃይል ደግሞ ማንም ሁለት ሰዓት ሙሉ አይሠራም፤ የግንባርዎ ሕመም አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ይህ መድረቅ መነጽር አደረጉም አላደረጉም እስከ 60ዎቹ መጀመሪያ ይቀጥላል። ሰው መነጽር ጀምሮ ከዓመት በኋላ ሲያወልቀው ከድሮው የባሰ ይደበዝዝበትና መነጽሩን ይወቅሳል። ዕድሜው እንደጨመረ አያስብም። በዚያ ላይ አንዴ ጥርት ያለ ነገር ያየ ሰው ድሮ ችላ ይለው የነበረውን ብዥታ በደንብ ያስተውለዋል።

ስለዚህ ይግዙ። ግን ከመግዛትዎ በፊት መብራትዎን ያስተካክሉ፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ሬቲና ላይ ከሚደርሰው ሲሶ ገደማ ነው፣ ብሌናችን እየጠበበ ሌንሳችንም ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ። እርስዎ መሐል ላይ ነዎት። ደማቅ መብራት ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፦ ብሌኑን ያጠበዋል፣ የጠበበ ብሌን ደግሞ ከፊትም ከኋላም ያለውን ነገር ይበልጥ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ዓይናችንን ጨፈን አድርገን ስናይ ትንሽ ጥርት የሚልልን በዚሁ ምክንያት ነው። ብሩሽ የሚይዙት በቀኝ እጅዎ ከሆነ መብራቱን በግራ በኩል ያድርጉት፣ አለዚያ የገዛ እጅዎ ጥላ ልክ ብሩሹ ጫፍ ላይ ይወድቅብዎታል። ከቻሉ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ ያድርጉ። ብርሃኑ ምስሉ ላይ ይውረድ እንጂ ዓይንዎ ውስጥ አይግባ። አንዳንድ ሰው መብራቱን ብቻ ቀይሮ ማጉያውን ለጊዜው ይተወዋል።

አሁን ወደ «ስንት እጥፍ» እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ቁጥር የተሻለ ይመስለናል። እውነታው ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምስሉን ወደ ፊትዎ እያስጠጋዎት ይሄዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 100ን ለሌንሱ ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው፣ መነጽር ላይ ፕላስ ወይም ማይነስ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር) ሲያካፍሉ ዓይን ሳይጨነቅ የሚያይበት ርቀት በሴንቲ ሜትር ይወጣል። ፕላስ 2 ከሆነ 50፣ ፕላስ 4 ከሆነ 25፣ ፕላስ 10 ከሆነ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቁት ማጉያዎች ላይ 1.75 እጥፍ የሚለው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያሠራል፣ 2.5 እጥፉ 20 ገደማ፣ 3.5 እጥፉ 10 ገደማ። በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ለመቀባት ይሞክሩ እስቲ። የብሩሹ እጀታ ሌንሱን ይመታዋል፣ የራስዎ ጭንቅላት መብራቱን ይጋርደዋል፣ አፍንጫውን ጥርት አድርገው ሲያዩት ጆሮው ይደበዝዛል፣ ትንሽ ሲነቃነቁ ደግሞ ምስሉ ጨርሶ ከእይታ ይወጣል። የእጅ መንቀጥቀጥም እኮ አብሮ ይጎላል። ጤነኛ እጅ ሁሉ በትንሹ ይንቀጠቀጣል፤ በባዶ ዓይን የማያዩትን መንቀጥቀጥ በማጉያ ሲያዩት «ታምሜያለሁ እንዴ?» ብለው ይደነግጣሉ።

የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማጉያ ያደርጋሉ፣ እነሱስ እንዴት ከሩቅ ይሠራሉ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የእነሱ ተራ ሌንስ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ዓይን ፊት የተቀመጠች ትንሽ ቴሌስኮፕ ናት፣ ለዚህ ነው ቀጥ ብለው ቆመው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ እያጎሉ የሚሠሩት። ለእርስዎ ሥራ ያ ሁሉ አያስፈልግም።

የእኔ ምክር ከ1.75 ወይም ከ2 እጥፍ መጀመር ነው። ካባውን፣ ጋሻውንና ጫማውን ሲቀቡ ማጉያውን ወደ ላይ ገልብጠው ይሥሩ። ፊት ላይ ሲደርሱ ያውርዱት። 2.5 እጥፍ ካስፈለገዎት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ለማትሞላው የምስሉ ዓይን ብቻ ያስቀሩት፣ ለጥቂት ደቂቃ። ሰዓት ሰሪዎች የሚያደርጉትን የአንድ ዓይን ማጉያ ግን አልመክርዎትም። ብሩሹ ምስሉን ከመንካቱ በፊት ስንት እንደቀረው የሚያሳየን ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲያዩ ነው፣ በአንድ ዓይን ይሄ ይጠፋል።

አሁን መነጽር ያደርጉ እንደሆነ አልነገሩኝም፣ ስለዚህ ሁሉንም ልበል። የሩቅ መነጽር ካለዎት ማጉያውን በላዩ ላይ ያጥልቁ። የማንበቢያ መነጽር ላይ ከደረቡት ግን ኃይላቸው ይደመራል፦ ፕላስ 2 ላይ ፕላስ 4 ሲደረብ ፕላስ 6 ይሆንና 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያስጎነብስዎታል። የሩቁም የቅርቡም በአንድ ላይ ያለበት መነጽር ከሆነ የቅርቡ ክፍል ታች ነው፣ በእሱ ለማየት አገጭዎን ሽቅብ እያነሱ ይሠራሉ፤ የማጅራት ሕመም ሌላው መነሻ ይሄ ነው። የቅርብ ዕይታ ብቻ ያለው የሥራ መነጽር ቢያሠሩ ይሻላል። የሩቅ መነጽሩ ማይነስ 4 የሆነ ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው፣ መነጽሩን ብቻ ቢያወልቅ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ምንም ማጉያ ጥርት አድርጎ ያያል።

ማጅራትዎን በተመለከተ፣ ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ወደ ፊት ባጎነበሱ ቁጥር ያን ክብደት የሚሸከመው የአንገት ጡንቻ ነው። እርስዎ ወደ ምስሉ አይውረዱ፣ ምስሉን ወደ እርስዎ ያምጡት። ምስሉን መያዣ ላይ፣ ለምሳሌ የጠርሙስ ቡሽ ላይ ለጥፉት። ከክንድዎ ስር ሳጥን ነገር አድርገው ክርንዎን ያስደግፉ፣ ምስሉ ደረትዎ ጋ ይድረስ። የሁለቱን እጆች መዳፍ ግርጌ አገናኝተው ሲሠሩ ደግሞ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል።

አጥብቀን ስናይ መርገብገብ እንረሳለን። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የምናርገበግበው ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ዓይን ይደርቃል፣ ያቃጥላል፣ እይታም ይደበዝዛል። በየ20 ደቂቃው ብሩሹን አስቀምጠው 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ይዩ፣ ሆን ብለውም ደጋግመው ያርገብግቡ። ማጉያው መከላከያ መነጽር አለመሆኑንም አይርሱ፣ ፕላስቲክና ብረት ሲቆርጡ ወይም ሲሞርዱ ፍንጣሪው ከጎን ይገባል። ሲጨርሱ ማጉያውን ይሸፍኑት፤ ፀሐይ ያገኘው ሌንስ እሳት ያስነሳል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ማጉያ ሌላ ችግርን ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይመርመሩ፣ በተለይ የስኳር በሽታ ካለብዎት ወይም በቤተሰብዎ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ካለ። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ነው እይታን የሚበላው። አንድ ዓይንዎን ሸፍነው በሌላው የበር ጠርዝ ይዩ፣ ከዚያ ይቀይሩ። ቀጥ ያለው መስመር ከጎበጠ ወይም መሐሉ ከጠፋ ቀጠሮ አይጠብቁ። በድንገት ብልጭታ፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ፣ ወይም ዓይንዎ ቀልቶ በጣም እያመመዎት መብራት ዙሪያ ቀለበት ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይድረሱ።

ለምርመራው ሲሄዱ ይሄን ያድርጉልኝ። በሚመችዎ አቀማመጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እየቀቡ ሳለ ሌላ ሰው ከዓይንዎ እስከ ምስሉ ያለውን ርቀት በሜትር ይለካልዎት። የማንበቢያ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ለ40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የእርስዎ ምናልባት 30 ይሆናል፣ መርማሪው ካልነገሩት ሊያውቅ አይችልም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉት። ከመሐል የተተወ አንድ ምስልና ብሩሽዎንም ኪስዎ ውስጥ ይዘው ይሂዱ፣ የሙከራ ሌንሱን ሲያደርጉልዎት የፊደል ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ያዩበታል።