የፕሮፔለር ጭነት፣ ዘንግና ሚዛን

ጥያቄ፦ በውድድር ጀልባችን ላይ ትልቅ ፕሮፔለር ከገጠምን ወዲህ የጀልባው ኋላ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግም ተሰበረ። ሁለቱ ይገናኛሉ?

መልስ፦ ይገናኛሉ። ጀልባው በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ ከፕሮፔለሩ ግማሽ ያህሉ ብቻ ውሃ ውስጥ የሚቀር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ክንፍ በየዙሩ ውሃውን እየመታ ይገባል፣ መልሶም ወደ አየር ይወጣል። ባለ 3 ክንፍ ፕሮፔለር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 300 ምት ያሳርፋል ማለት ነው። ጭነቱ ከታች በኩል ብቻ ስለሆነ ዘንጉ ከመጠምዘዝ አልፎ ይጎብጣል፤ ይህ መደጋገም ብረቱን እያደከመ፣ ብዙውን ጊዜ የዘንጉ ውፍረት በድንገት በሚቀንስበት ወይም ቦይ በተቆረጠበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ይፈጥራል። ከሁሉ የከፋው ግን ጀልባው ከማዕበል ላይ ሲዘል ነው፤ ፕሮፔለሩ ጭነቱን ጥሎ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ውሃውን መልሶ ሲነካም ድንገተኛው ጫና በዘንጉ ላይ ይወድቃል። በዝላይ ጊዜ ነዳጅ መቀነስ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ቀኝ መገፋቱም የታችኞቹን ክንፎች የጎን ግፊት የላይኞቹ ስለማያካክሱት የሚመጣ ሲሆን፣ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ በሚዞር ፕሮፔለር ላይ የሚጠበቅ ነው። የሞተሩ አጸፋ (ፕሮፔለሩን ሲያዞር በጀልባው ላይ የሚመለሰው የመጠምዘዝ ኃይል) ደግሞ ጀልባውን በተቃራኒው ወደ ግራ ያዘነብላል። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ፕሮፔለሮች ይህን ያቻችላሉ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን የመሪውን አቀማመጥ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የዘንጉን ውፍረት 10 በመቶ መጨመር የመጠምዘዝ ጫናውን በ25 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ግን በቅድሚያ አነስ ያለ ፕሮፔለር እንድትሞክሩ እመክራለሁ።