ጫማ አታምጪ፣ ፎርማ አምጪ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ዶላር ላይ የሚያርፉ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁም። ከ22 ዓመት በላይ መርካቶ፣ ሸራ ተራ፣ ጫማ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። መልሴም ማስቲሽ ማስቲሽ ቢሸት አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዱባይ ሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ወደ 14 ሺህ ዶላር አጠራቅሜያለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልዬ ልገባ ነው። ወንድሜ «ከድራጎን ማርት (እዚህ ካለው የቻይና ዕቃ ገበያ) ጫማ እየገዛሽ ላኪ፣ እኔ እሸጣለሁ» ይላል። አጎቴ ደግሞ ጫማ ሠሪ ነው። «ገንዘቡን እኔ ጋ አምጪውና ወርክሾፑን እናስፋ» ይላል። ወንድሜ «የአገር ውስጥ ጫማ ማን ይገዛል?» ሲለው አጎቴ ተቀየመ። አሁን ስልክ አይነሳሱም። የማንን ልስማ?
አንባቢ፣ ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለመመለስ አበቃሽ። ይህን ስጽፍልሽ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የወንድ ጥቁር ጫማ አለ። ሸራ ተራ የተሠራ ነው፤ ካርቶኑ ላይ «የኢትዮጵያ ምርት» ይላል። ትናንት ማታ በቢላ በታተንኩት። ባለቤቴ «አበደ» ብላ አየችኝ።

ላዩ ቆዳ ነው፤ ሞጆ የተለፋ። ገበሩ የበግ ሌጦ ነው። እስከዚህ የአገር ነው፣ ደስ ይላል። ሶሉም እዚሁ አዲስ አበባ በማሽን ቀልጦ የወጣ ነው፤ የቀለጠው ፍሬ ፕላስቲክ ግን በመርከብ የመጣ ነው። ማስቲሹ የውጭ። ክሩ የውጭ። ማሰሪያው የሚገባባት ቀዳዳ ዙሪያ ያለችው ትንሽ ብረት የውጭ። በሶሉና በቆዳው መሃል የተቀመጠው ወፍራም ካርቶን መሰል ነገር የውጭ። ጫማው የተወጠረበት የእግር ቅርጽ፣ ማለትም ፎርማውም፣ የሰፋው ማሽንም፣ የማሽኑ መርፌም የውጭ። ማሸጊያ ካርቶኑ የአገር ነው። የሙያው ቃላት ራሳቸው ከጣልያን የመጡ አይደሉ? ቶማያ (የጫማው ላይኛ ክፍል)፣ ፎርማ፣ ታኮ፣ ማስቲሽ። ቀረጥ ያልተከፈለባቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ወንድምሽም አጎትሽም አስመጪ ናቸው። አንዱ ሙሉ ጫማ ያስመጣል፣ ሌላው የጫማ ግማሽ። የቀረችው ግማሽ ናት የአጎትሽን ሠራተኞች ደሞዝ የምትከፍለው። ጠቡ በእሷ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር።

ወንድምሽ የሚለው ግን ባዶ ወሬ አይደለም። በ1993 አካባቢ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው እዚያው ነበርኩ። ከእኛ የረከሰ፣ መልኩም ያማረ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ዘጉ። ያን ጊዜ አለቃችን አንድ የቻይና ጫማ ገዝቶ መጣና ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ፍቱት» አለን። ፈታነው። ላዩ ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ ነበር። አጨራረሱ ግን አሳፈረን። ጠርዙ አልተንጋደደም፣ የስፌቱ ርቀት እኩል ነው፣ ግራና ቀኙ መንታ ናቸው። የእኛ ግራና ቀኝ የእናት ልጅና የእንጀራ ልጅ ይመስሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞዴል መቀየር ጀመርን፣ የተሻለ ሶል ፈለግን፣ ስፌት ላይ ጠበቅን። ሕዝቡም ሁለት ክረምት አይቶ ፈረደ። ሰኔ የተገዛው የቻይና ጫማ ነሐሴ ላይ አፉን ሲከፍት፣ ደንበኛ ተመለሰ። ሸራ ተራ ከዚያ በኋላ ነው የተነሣው። ያ ጫማ ባይመጣ ኖሮ ዛሬም መንታ ያልሆነ ጫማ እየሰፋን እንኖር ነበር፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ የሙያ ጓደኞች አሉኝ።

የእኛም ጫማ አፉን ከፍቶ ያውቃል፤ እሱን ደብቄ አልመክርሽም። አንድ ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት 120 ጥንድ የተማሪ ጫማ ሠራን። ዶላር ጠፍቶ ማስቲሽ ከገበያ የታጣበት ጊዜ ነበር። አንድ ነጋዴ ጋ ተገኘ ተባለና ገዛን። የተቀጠነ መሆኑን ያወቅነው መስከረም ላይ ነው፤ ልጆቹ ጭቃ ውስጥ ሲገቡ። 74 ጥንድ ተመለሰ። ቆዳው የአገር፣ እጁ የአገር፣ ያዋረደን አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር ባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ከ120 አለፈ። ሠሪው «ከውጭ የሚመጣው ጫማ ሊወደድ ነው፣ ተራው የእኛ ነው» አለ። ተወደደ፣ እውነት ነው። ግን ፍሬ ፕላስቲኩም፣ ማስቲሹም፣ ክሩም አብረው ተወደዱ። የደንበኛው ደሞዝ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። በዚህ ምክንያት ነው ለአጎትሽም ሙሉ በሙሉ የማልፈርድለት።

አሁን ምክሬ። ጫማ አታምጪ፤ ፎርማ አምጪ። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ዱባይ ኖረሻል፤ ድራጎን ማርትን እንደ ሰፈርሽ ታውቂዋለሽ። ያ እውቀት ከ14 ሺህ ዶላሩ አያንስም። አጎትሽ ጋ ደውይና «የጎደለህ ምንድነው?» ብለሽ ጠይቂው። ገንዘብ ይልሻል። «ከገንዘብ ሌላስ?» በይው። ያኔ ዝርዝሩ ይመጣል፦ አዲስ ፎርማ፣ ደህና ማስቲሽ፣ መርፌ፣ ዘለበት። ፎርማ ያረጀበት ሠሪ አሮጌ ሞዴል ሲሰፋ ነው የሚኖረው። የእኛ እግር ደግሞ ከፊቱ ሰፋ ይላል፤ ለጠባብ እግር የተቀረጸ ፎርማ ስንቱን አቆሰለው! እሱ የሚፈልገውን ጎረቤቶቹም ይፈልጋሉ። አጎትሽ ይሠራል፣ ወንድምሽ ለመንደሩ ሠሪ ሁሉ ዕቃ ያከፋፍላል፣ ሥራ ይኖረዋል። ግብዓት ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥ ብዙውን ጊዜ ካለቀለት ዕቃ ያነሰ ነው፤ የየዕቃውን ልክ ግን ከመግዛትሽ በፊት በጉምሩክ አስተላላፊ አስጠይቂ።

በአንድ ጊዜ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ አታውጪ። በተማሪ ጥቁር ጫማ ጀምሩ፤ ፋሽን አይቀየርበትም፣ መስከረም ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል። ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ አጎት ቢሆንም። ይልቁንም አጎት ስለሆነ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ስቲኪኒ እንኳ ከውጭ እናስገባለን፤ ያሳፍራል። መንግሥት ለምን ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ቀን አይከለክልም? ሲቸግረን እንሠራ ነበር።
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መምህር፣ በስቲኪኒው እኔም እናደዳለሁ። ነገር ግን ስቲኪኒው በሙሉ ቢቀር የምናተርፈው ዶላር አንድ መርከብ ነዳጅ አይገዛም። ትልቁ ዶላራችን የሚሄደው ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለማሽን፣ ለመድኃኒት፣ ለዘይት ነው። ማዳበሪያውን በአንድ ቀን ይከልክሉና የእርስዎ ተማሪዎች አባቶች ምን ይዘሩ? የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ ስንት ዓመት ተወርቶለት ሳያልቅ እንደቀረ ያውቃሉ። በ2017 ነሐሴ ደግሞ ጎዴ ላይ ለሚሠራ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ከናይጄሪያው ባለሀብት ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። እስኪደርስ በመርከብ ነው።

መከልከሉም ተሞክሯል። በ2015 ጥቅምት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ዶላር እንዳይገቡ ታገዱ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ በምንዛሪ ለውጡ ጊዜ ተነሣ። በዚያ መሃል ስንቱ ዕቃ በጓሮ በር እንደገባ መርካቶ ለሚውል ሰው አይነገረውም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዘይቱ ነው። በ2013 ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ። ጮቤ ረገጥን። ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣ ድፍድፍ ዘይት አጣርቶ ማሸግና ሰሊጥና ኑግ ጨምቆ ማውጣት ለየቅል ናቸው። ሰሊጡን ለዶላር ስንል ጥሬውን እንልካለን፤ በዶላሩ ዘይት እንገዛለን። ለምን ቢሉ፣ ገበሬውም ላኪውም ዛሬ ገንዘብ ይፈልጋሉ፣ ፋብሪካው ደግሞ በዚያ ዋጋ መግዛት አይችልም። ይህን አዋጅ ብቻውን አይፈታውም። ስቲኪኒው ግን ይሠራ፤ ቀርከሃ ሞልቶናል፣ እሱ ላይ አልከራከርዎትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለፋሲካ በግ አረድን። ቆዳውን የሚወስድ ጠፋና ባለቤቴ ከቆሻሻ ጋር ጣለው። እናቴ ብታየኝ ትረግመኝ ነበር። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ምን ሆነ?
አንባቢ፣ ከጉለሌ

መልስ፦ እሜቴ፣ ይህች ጥያቄ ሆዴን በላችው። ልጅ ሆኜ በበዓል ጠዋት «የበግ ቆዳ! የፍየል ቆዳ!» እያለ የሚዞር ሰው ነበር። ደሙ ሳይደርቅ በር ላይ ይቆማል። እናቶች ለልጅ ደብተር መግዣ የሚሆን ሂሳብ ያገኙበት ነበር። አሁን በበዓል ማግስት ገንዳው ዙሪያ ሌጦ ተዘርግቶ ውሻ ሲጎትተው ያያሉ።

የደጋ በጎቻችን ሌጦ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ለእጅ ጓንት የውጭ ፋብሪካዎች ይፈልጉት ነበር። የባቲ ፍየል ቆዳ በስሙ የሚጠራ ነው። በ2000 መንግሥት «ጥሬውን አትላኩ፣ እዚሁ ጨርሱት» ብሎ ጥሬና በከፊል የተለፋ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ታክሱን ተለፍቶ ላልተጨረሰ ቆዳም አደረሰው። ሐሳቡን እኔ ደግፌው ነበር፤ ዛሬም አልክድም። ነገር ግን ቆዳ የሚለፋው በኬሚካል ነው፤ ክሮም የሚሉት ከውጭ ይመጣል። ዶላር ሲጠፋ ኬሚካሉ ጠፋ፤ ኬሚካሉ ሲጠፋ ፋብሪካው ከሰብሳቢው መግዛት ቀነሰ፤ ሰብሳቢው እርስዎ በር ላይ መጥራቱን ተወ። በዚያው ላይ ዓለም ወደ ሸራና ፕላስቲክ ጫማ ዞረ፣ የቆዳ ዋጋ ወደቀ።

ከእኛም የመጣ አለ፣ ልንገርዎት። በቢላ ስንገፍ እንበጣዋለን። አንድ ብጣት ከሌጦው ላይ የአንድ ጥንድ ጫማ ፊት ያበላሻል። በጉ እከክ ካለበት ደግሞ ቆዳው ሲለፋ ነው ነቁጡ የሚታየው። ስንቱን ሌጦ በፀሐይ ላይ አይቼ «ግሩም ነው!» ብዬ፣ ሲለፋ ፈንጣጣ የበላው ፊት መስሎ አግኝቼዋለሁ።

ለሚቀጥለው በዓል እንዲህ ያድርጉ። አራጁን ሆዱ ላይ በቢላ ከቀደደ በኋላ በጡጫው እየገፋ እንዲገፍ ይንገሩት፤ ያጉረመርማል፣ ይችላል ግን። ስቡንና ሥጋውን ያራግፉ። ጥላ ውስጥ ሥጋ የነካው ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይዘርጉት። ሳይውል ሳያድር አንድ ኪሎ ያህል ጨው ይነስንሱበት፣ ጠርዙንና እግሩን ሳይረሱ። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ይደርቃል እንጂ አይድንም። ከዚያ መርካቶ ቆዳ የሚረከቡ ሰዎች ጋ የሚሄድ የሰፈር ልጅ ይፈልጉ። የሚሰጡት ብር ጨዉን ላይሸፍን ይችላል፤ ለልጁ ይተዉለት።