«ወንድሜ ሰነፈ ወይስ ሕመሙ ነው? ለልጄስ ይተላለፋል?» ላልሽው

እህቴ፣ ከሱሉልታ የጻፍሽው እንዲህ ነው፤ ወንድምሽ ስኪዞፍሬንያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ድምፅ መስማቱ ቆሟል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ቤተሰቡም «ሰነፈ» ይለዋል። አንቺ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነሽና የዘር ነገር አስፈርቶሻል።

ስንፍና አይደለም። ቡና ሲቀርብለት እንዴት እንደሚሆን ልብ በይ። ይጠጣል፣ ይጣፍጠዋልም፤ ግን ቡና አማረኝ ብሎ ተነስቶ ከሰል አያያይዝም። ሕመሙ የሚይዘው እዚህ ጋ ነው። አንጎል ውስጥ ስትራይተም የሚባል ክፍል አለ፤ «ይህን ብሠራ ደስ የሚል ነገር አገኛለሁ» የሚለውን ጉጉት ዶፓሚን በሚባል የአንጎል ኬሚካል የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። በዚህ ሕመም ደስታው ገና ሲጠበቅ ክፍሉ በደንብ አይነቃም፤ እጅ ላይ የገባው ደስታ ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ «ተነስና ሥራ ፈልግ» አይሠራም፣ ጥቅሙ ሩቅ ነው። ሥራውን ቆራርሱለት፤ መጀመሪያ ስኒ ማጠብ ብቻ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አጠገቡ ሰው ሆኖ፣ እንደጨረሰ ወዲያው ቡናው ይቅረብ። አንድ ሁለት ሳምንት ከለመደ ከሰል ማያያዙን ጨምሩ። የሚበላሸው በሦስተኛው ቀን «ተሻለው» ተብሎ የከብቱ ሥራ በሙሉ ሲጫንበት ነው።

መድኃኒቱንም እዩ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት ዶፓሚንን ስለሚያግዱ መጠኑ ሲበዛ ራሳቸው ያፈዛሉ። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ስሜት ካጣ፣ እርምጃው ካጠረ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠን ይቀነሳል ወይም ይቀየራል። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ፣ ድምፁ ሊመለስ ይችላል። ጠበል ከሄደም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ጫት ፈጽሞ ይቅርበት፤ መድኃኒቱ የሚያግደውን ዶፓሚን እሱ ያስለቅቃል።

ወደ ዘሩ ስንመጣ፣ አንድ «የእብደት ዘር» የሚባል ነገር የለም። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ብቻውን 287 የዘረ-መል ቦታዎችን አግኝቷል፤ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ስጋት ጥቂት ነው። በጤነኛ ወንድምና እህቶች ላይም ያ የስትራይተም መዳከም በመጠኑ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ዝንባሌ እንጂ በሽታ አይደለም። በቁጥር ከሆነ፣ ከማንኛውም 100 ሰው 1 ገደማ ይታመማል፤ ወንድም ወይም እህት ከታመመ 9 ገደማ፤ አጎቱ ለታመመ ልጅ፣ ማለትም ለልጅሽ፣ ከ3 እስከ 4። ዘረ-መላቸው አንድ የሆኑ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ግማሽ ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ስለዚህ እርግዝናሽን በዚህ ፍርሃት አታሳልፊው። ልጅሽ ወደ አሥራዎቹ ዕድሜ ሲገባ ግን ከሐሺሽና ከጫት አርቂው፤ እንቅልፍ ካጣ፣ ከጓደኛ ከራቀ፣ «ይከታተሉኛል» ማለት ከጀመረ እስኪብስ ሳትጠብቂ ለአእምሮ ሐኪም አሳዪው።